«የቢቢ ኪንግን ድምፅ ለማውጣት ምን ላስመጣ?»

ጥያቄ፦ «የ23 ዓመት ወጣት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴል በሚሠራ ባንድ ሊድ ጊታር እጫወታለሁ። አሜሪካዊውን የብሉዝ ጊታሪስት ቢቢ ኪንግን ከሰማሁ ወዲህ ሌላ ነገር አልጥመኝ ብሏል። ያለኝ የፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር ቅጂና አንድ መልቲ ኢፌክት (ድምፅ መቀያየሪያ) ነው። ማይነር ፔንታቶኒክን (ባለ አምስት ኖታውን ቅኝት) በጊታሩ አንገት አምስቱም ቦታ እጫወታለሁ፤ የእሱ ድምፅ ግን አይወጣልኝም። ጓደኞቼ ሦስት ነገር ይሉኛል፦ ጊብሰን ካልያዝክ አትድከም፤ ብሉዝ ማለት ትዝታ ነው፣ ትዝታ ማይነር ተጫወትበት፤ ቢቢ ራሱ ኮርድ (ብዙ ኖታ አንድ ላይ መምታት) አይችልም ነበር፣ አንተም ጊዜህን አታጥፋ። አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ ጊታርና አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። ምን ላስመጣ? ደግሞስ የብሉዝና የሮክ ጊታሪስት ሁሉ የእሱ ልጅ ነው የሚባለው ለምንድን ነው?»

መልስ፦ ጊታሩን አታስመጣ። አምፑንም የኤሌክትሪኩን ነገር ሳታጣራ አታስመጣ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። ከጓደኞችህ ምክር የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሁለተኛው እውነት አለበት፣ ግን የያዙት በተሳሳተው ጫፍ ነው። ሦስተኛው ሰውየው ራሱ በአደባባይ ካመነው ነገር የመጣ ቢሆንም ትርጉሙ ተገልብጧል። አንተ የምትፈልገው ድምፅ ያለው በግራ እጅ አመልካች ጣት፣ በልኩ በተገፋ ክርና በዝምታ ውስጥ ነው። ለዚህ ምስክሩ የሥራ ታሪኩ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ልጀምር። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራይሊ ቢ ኪንግ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1925 ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ኢታ ቤና ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ጥጥ እርሻ ላይ ተወለደ። ጥጥ ለቅሟል፣ ትራክተር ነድቷል፤ ጊታር በቅርብ ያየው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰባኪው ሲጫወት ነው። በ1946 ሜምፊስ ሄዶ ዘመዱ ቡካ ዋይት ቤት ለወራት ተቀመጠ። ቡካ ዋይት ስላይድ ተጫዋች ነበር፤ ጣቱ ላይ ቱቦ አጥልቆ ክሩ ላይ ያንሸራትታል፣ በሁለት ፍሬቶች (አንገቱ ላይ ባሉት የብረት ዘንጎች) መካከል የተደበቀውን ድምፅ ሁሉ ያወጣል፣ ማሲንቆ እንደሚያወጣው። ራይሊ ስላይዱን ሞከረው፤ አልሆነለትም። ያ የሚርገበገብ ድምፅ ግን ከጆሮው አልወጣ ስላለ በባዶ ጣት ሊያገኘው ታገለ። ዓለም የሚያውቀው የቢቢ ቫይብራቶ እንግዲህ ስላይድ ያቃተው ሰው መላ ነው።

ሁለተኛው ምንጩ ቲቦን ዎከር ነው። ቲቦን በ1947 ያስቀረጸው «ስቶርሚ መንዴይ» ኤሌክትሪክ ጊታር በነጠላ ክር እንደ ሳክስፎን ሐረግ ሊናገር እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው፤ ራይሊ ኤሌክትሪክ ጊታር እንዲመኝ ያደረገውም እሱ ነው። ሎኒ ጆንሰንን፣ ቻርሊ ክርስቲያንንና ጃንጎ ራይንሃርትንም አጥብቆ ይሰማ ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የጃዝ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «ኤሌክትሪክ ብሉዝን የፈጠረው ቢቢ ነው» የሚልህ ካለ አትቀበለው። እሱ ያደረገው ከእነዚህ ሁሉ ጭማቂውን ወስዶ አንዷን ኖታ እንደ ሰው ድምፅ ማናገር ነው።

ስሙ የመጣው ከሬዲዮ ነው። ሜምፊስ ውስጥ ደብሊው ዲ አይ ኤ በሚባለው ጣቢያ የአንድ የጤና መጠጥ ማስታወቂያ ይዘፍን ነበር፤ ቀጥሎ ዲስክ አጫዋች ሆነ። «የቢል ስትሪቱ ብሉዝ ልጅ» ይሉት ጀመር፣ ያ ወደ «ብሉዝ ቦይ»፣ በመጨረሻም ወደ ሁለቱ ፊደላት አጠረ። በ1949 የመጀመሪያ ሸክላውን አስቀረጸ፤ በ1951 የተቀረጸው «ስሪ ኦክሎክ ብሉዝ» በ1952 በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ መንገድ ነው፤ በ1956 ብቻ 342 መድረክ ላይ ተጫውቷል። ዓመት 365 ቀን መሆኑን አስታውስና ስለ ልምምድ ሰዓት የሚሰጥህን ምክር ሁሉ በዚህ ሚዛን መዝነው።

አሁን ወደ ጊብሰኑ። «ሉሲል» የአንድ ጊታር ስም አይደለም። በ1949 በአሜሪካ የብርድ ወራት፣ አርካንሳ ውስጥ ትዊስት በምትባል መንደር ሲጫወት፣ አዳራሹን ለማሞቅ ኬሮሲን የሚነድበት በርሜል ነበር። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ በርሜሉን ገለበጡትና ቤቱ በእሳት ተያያዘ። ቢቢ ከወጣ በኋላ ጊታሩን ለማዳን ተመልሶ ገባ። ጠቡ ሉሲል በምትባል ሴት የተነሳ እንደነበር በማግስቱ ሲሰማ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሞኝነት እንዳይሠራ ለጊታሩ ስሟን ሰጠው። ያ ከእሳት የወጣው ጊታር 30 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ርካሽ ጊብሰን ነበር፤ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ሉሲል ተብሎ የሚሸጠውን አይመስልም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፌንደር ኤስኳየር ይዞ የተነሳቸው ፎቶዎች አሉ፤ ጠንካራ እንጨት፣ አንድ ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚወስድ ማግኔት)፣ ለአንተ ጊታር የቅርብ ዘመድ ነው። ከዚያ ሌሎች ጊብሰኖች፣ በኋላም የኢኤስ 335፣ 345 እና 355 ቤተሰብ መጣ። ጊታሩ ሲቀያየር ድምፁ የሰውየው ሆኖ ቀጠለ።

ጊብሰን በ1980 በስሙ ያወጣው ሞዴል ከ355 የሚለይበት ዋናው ነገር ፊቱ ላይ ያሉት የኤፍ ቅርጽ ቀዳዳዎች መደፈናቸው ነው። ምክንያቱ ተራ የመድረክ ችግር ነው፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ጊታር ከፍ ካለ አምፕ አጠገብ ሲቆም ይጮሃል፣ ማለትም ፊድባክ ይሰጣል። ቀዳዳው ሲደፈን ጩኸቱ ይቀንሳል። የአንተ ጊታር ከመነሻው ድፍን ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም። አምፑ ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ዘመን የተማመነበት ላብ ሲሪስ ኤል 5 ትራንዚስተር አምፕ ነው፤ 100 ዋት፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር። የቱዩብ አምፕ ካልሆነ ብሉዝ የለም የሚሉ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ወሬ ይቀይራሉ።

የግራ እጁን ሥራ አሁን በዝርዝር እንየው። አመልካች ጣትህን ሁለተኛው ክር (ከቀጭኑ ሲቆጠር) 10ኛ ፍሬት ላይ አድርግ፤ ይህ ኤ ኖታ ነው። ኖታውን ምታና አውራ ጣትህን ከጊታሩ አንገት ጀርባ አላቅቀው። እጅህ ክሩን የሚይዘው በጣትህ ጫፍ ብቻ ይሆናል፤ ሌሎቹ ሦስት ጣቶች ይከፈታሉ፣ እንደ ቢራቢሮ ክንፍም ይርገበገባሉ። እንቅስቃሴው የሚመጣው ቁልፍ በር ውስጥ እንደምታዞር ሁሉ ከክንድህ ነው። ጣትህን ብቻ ካጠፍክ ድምፁ ወፍራምና ዘገምተኛ ይሆናል፤ ብዙ ጀማሪ እዚህ ነው የሚቀረው። የቢቢ ቫይብራቶ ጠባብና ፈጣን ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እኩል ነው። ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርግና በአንድ ምት ሁለት ጊዜ አርገብግብ፤ እኩል ሲሆንልህ ሦስት፣ ከዚያ አራት። እኩል ሳይሆን ፍጥነት ከጨመርክ ፍየል ጩኸት ነው የሚወጣው፤ ያን ማረም ደግሞ ከመጀመሪያው ከመማር የባሰ ጊዜ ይፈጃል።

ክር መግፋት፣ ባንዶቻችን ቤንድ የሚሉት፣ ሌላው ነው። እዚሁ ክር ላይ 12ኛ ፍሬት ቢ ነው። ቀለበት ጣትህን እዚያ አድርግ፣ መሃል ጣትህን 11ኛው ላይ፣ አመልካችህን 10ኛው ላይ አድርገህ ደግፈው፤ እዚህ ላይ አውራ ጣት ተመልሶ አንገቱን ከላይ ይጨብጣል። አስቀድመህ 14ኛውን ፍሬት ሳትገፋ ምታና ስማው፤ ሲ ሻርፕ ነው። አሁን 12ኛውን ምታና ያንኑ ድምፅ እስክታገኝ ወደ ወፍራሞቹ ክሮች ግፋ። ቱነር (የኖታውን ልክ የሚያሳይ መሣሪያ) ሰክተህ ተመልከት፤ መርፌው ሲ ሻርፕ ሳይደርስ የሚቆም ከሆነ፣ የእሱን ድምፅ ያጣኸው እዚህ ነው። «ፔንታቶኒኩን አውቀዋለሁ ግን አይመስልም» ከሚሉ አብዛኞቹ ሰዎች ችግሩ ይኸው ነው፤ ክሩ በልኩ አልተገፋም፣ ጎረቤት ክርም አብሮ ይጮሃል። ጎረቤቱን በአመልካች ጣትህ ጫፍና በቀኝ መዳፍህ ዝም አሰኘው።

አሁን ወደ ትዝታው እንምጣ፤ ይህ ጉዳይ ለሐበሻ ጊታሪስት ወርቅ ነው። በኤ እንውሰደው። ትዝታ ሜጀር ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ ነው። ትዝታ ማይነር ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ነው። አንተ የለመድከው የብሉዝ ማይነር ፔንታቶኒክ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ነው፤ ይህ ትዝታ ሳይሆን ባቲ ማይነር ነው፤ ኖታ በኖታ ቁጠረው። ጓደኞችህ እንዳሉህ በኤ ብሉዝ ላይ ትዝታ ማይነር ከተጫወትክ፣ ኤፍ ኖታው ዲ ሰባት ኮርድ ሲመጣ በኮርዱ ውስጥ ካለው ኤፍ ሻርፕ ጋር ይጋጫል፤ የብሉዝ ቀለም የሆነው ጂ ደግሞ ከነጭራሹ የለህም።

ትዝታ ሜጀሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ጊታሪስቶች በቢቢ ስም «ቦክስ» የሚሉት፣ የሚወደው ጠባብ ቦታ ይህ ነው፦ ሦስተኛው ክር ላይ 9ኛና 11ኛ ፍሬት፣ ሁለተኛው ክር ላይ 10ኛና 12ኛ፣ ቀጭኑ ክር ላይ 10ኛና 12ኛ። ኖታዎቹን አውጣቸው፦ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። ቢውን አንድ ሙሉ ድምፅ ስትገፋው ሲ ሻርፕ ይሆናል። ዲውን ለጊዜው ተወው፤ የቀረህ ሙሉ ትዝታ ሜጀር ነው። አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ የምታዜመው ቅኝት ሰውየው ቤቱን የሠራበት ቅኝት ነው። ብሉዙ የሚገባው በስንጥቆቹ ነው፦ ዲው፤ ሁለተኛው ክር 13ኛ ፍሬት ላይ ያለው ሲ፣ ትንሽ፣ ሩብ ድምፅ ያህል ብቻ ተገፍቶ በሲና በሲ ሻርፕ መካከል ሲንጠለጠል፤ ቀጭኑ ክር 12ኛ ፍሬት ላይ ያለው ኢ አንድ ሙሉ ድምፅ ተገፍቶ ኤፍ ሻርፕ፣ ጣት ከጠነከረ ደግሞ አንድ ተኩል ተገፍቶ ጂ ሲሆን። ስለዚህ የቢቢ አነጋገር የትዝታ ሜጀርና የባቲ ማይነር ድብልቅ ነው፣ ሁለቱም ከአንድ ኤ ተነስተው። አምስቱን የፔንታቶኒክ ቦታ መሮጥህን አቁምና እዚህች ስድስት ፍሬት በማትሞላ ጎጆ ውስጥ ተቀመጥ።

ሆኖም ቅኝቱ ይመሳሰላል ማለት ሙዚቃው አንድ ነው ማለት አይደለም። ትዝታ ከሥሩ ኮርድ የሚቀያየርበት ሙዚቃ ሆኖ አልተወለደም፤ ብሉዝ ግን በ12 ባር (እያንዳንዱ አራት ምት) ውስጥ ኮርድ ይለውጣል፣ ያው ኖታ በአንዱ ኮርድ ላይ ማር ሲሆን በሌላው እሬት ይሆናል። ሦስተኛው ምክር የሚወድቀውም እዚህ ነው። ቢቢ ኮርድ ላይ መጥፎ ነኝ ማለቱ እውነት ነው፤ ከአየርላንዱ የሮክ ባንድ ዩ ቱ ጋር በሠራ ጊዜም ይህንኑ ሲናገር ተቀርጿል። ያለው ግን እጄ ኮርድ አይመታም፣ ሌላ ሰው ይምታልኝ ነው፤ ኮርዱ ሲቀየር አልሰማም አላለም። ፈትነው። በኤ ሰባት ላይ ቢውን ሙሉ ድምፅ ገፍተህ ሲ ሻርፕ ታደርጋለህ፤ አምስተኛው ባር ላይ ዲ ሰባት ሲመጣ ግን ያንኑ ሲ ሻርፕ ብትይዝ በዲ ሰባት ውስጥ ካለው ሲ ጋር ይፋጫል። እዚያ ላይ ክሩን ግማሽ ድምፅ ብቻ ትገፋና ሲ ላይ ታቆማለህ። ፍሬቱና ጣቱ ያው ሆኖ አገፋፉ በኮርዱ ይለያል። ይህን የሚያደርግ ሰው ኮርድ ያውቃል።

አንተም ቢያንስ ይህን በእጅህ ምታ፦ አራት ባር ኤ ሰባት፣ ሁለት ባር ዲ ሰባት፣ ሁለት ባር ኤ ሰባት፣ አንድ ባር ኢ ሰባት፣ አንድ ባር ዲ ሰባት፣ አንድ ባር ኤ ሰባት፣ አንድ ባር ኢ ሰባት። ቀስ ባለ ምት ስልክህ ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ቅረጸውና በራስህ ኮርድ ላይ ተለማመድ። ከኢንተርኔት የሚገኘው ማጀቢያ ብዙ ጊዜ በኪቦርድና በስትሪንግ የተሞላ ስለሆነ ስህተትህን ይሸፍንልሃል።

ማይነር ብሉዝ ላይ ግን የጓደኞችህ ትዝታ ማይነር ዕድል ያገኛል። «ዘ ስሪል ኢዝ ጎን» በሮይ ሃውኪንስ በ1951 የወጣ ዘፈን ነው፤ ቢቢ በ1969 ሲያስቀርጸው ፕሮዲውሰሩ ቢል ሺምቺክ የቫዮሊን ጓድ ጨመረበት፣ በ1970 ከፖፑ ሠንጠረዥ 15ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። የዘፈኑ ኪይ (መነሻ ቅኝት) ቢ ማይነር ነው፤ ዘጠነኛው ባር ላይ ጂ ሜጀር ሰባት፣ ቀጥሎ ኤፍ ሻርፕ ሰባት ይመጣል። የቢ ትዝታ ማይነር ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ነው፤ ጂው በዚያ ዘጠነኛ ባር ላይ ኮርዱን ራሱን ይጠራል፣ ኢ ማይነር ላይም ይስማማል። የሚጎድልህ ኤና ኢ ናቸው፤ ጨምራቸው። እዚህ ላይ የአገርህን ጣዕም ብታስገባ አልቃወምም፤ እንዲያውም አድማጭ ጆሮውን የሚያቆመው እዚያ ላይ ነው።

ስለ ቀኝ እጅ የምለው አጭር ነው፦ ፒክ (የክር መምቻ) ይጠቀማል፣ አንዱን ኖታ በኃይል ቀጣዩን በቀስታ ይመታል፣ የድምፅ መጠኑን ጊታሩ ላይ ባለው ማዞሪያ ራሱ ይቆጣጠራል። ስለ ዝምታ ግን ብዙ መባል አለበት። ቢቢ እየዘፈነ ጊታር አይመታም። ስንኙን ይዘፍናል፣ ያቆማል፣ ሉሲል ትመልሳለች። አዝማሪ ቤት የለመድነው ከዚህ ይለያል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ከድምፁ ጋር አብሮ ያስኬዳል፣ ዜማውን በክሩ ይከተላል፣ በመሃል ነው ነጥሎ የሚመልሰው። አንተ ያደግህበት ልማድ ዘፋኙን መከተል ስለሆነ እጅህ ዝም ማለት ይጨንቀዋል። የሆቴል ባንድ ሊድ ጊታሪስቶች በዘፋኙ ቃል ላይ የሚደራርቡት ለዚህ ይመስለኛል። መድኃኒቱ ራስህ መዝፈን ነው፣ ድምፅህ ባያምርም፤ ሁለት ባር ዝፈን፣ ሁለት ባር መልስ፣ በምትዘፍንበት ጊዜ ቀኝ እጅህን ከክሩ አንሳ።

ኖቬምበር 21 ቀን 1964 ቺካጎ ሪጋል ቲያትር የተቀረጸውና በ1965 የወጣው «ላይቭ አት ዘ ሪጋል» የተሰኘው አልበም፣ ለዚህ የሚበልጠው መማሪያ የለም። ሕዝቡ ሲጮህ ስማ፤ ለረጅም ሩጫ ሲጮህ አትሰማውም፣ አንዷ የተገፋች ኖታ ላይ ነው የሚፈነዳው። መጀመሪያ አንዱን ዘፈን ምረጥና የሚመታውን ሳይሆን የማይመታበትን ሰከንድ ቁጠር። ሁለተኛ ምርጫዬ በ1970 ቺካጎ ኩክ ካውንቲ እስር ቤት ውስጥ የተቀረጸው ነው፤ እዚያ ድምፁ ሻካራ ነው፣ ቫይብራቶው ግን ከነጥፍሩ ይሰማል።

የተጽዕኖው ጥያቄ። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የቢቢ አድማጭ በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ነጭ ወጣቶች ድምፁን መጀመሪያ የሰሙት ከእሱ ከተማሩት ጊታሪስቶች ነው፦ ቺካጎ ውስጥ ከማይክ ብሉምፊልድ፣ እንግሊዝ ውስጥ ከኤሪክ ክላፕተንና ከፒተር ግሪን። በ1967 ሳን ፍራንሲስኮ ፊልሞር አዳራሽ ሲጋበዝ በር ላይ የተሰለፈውን ነጭ ወጣት አይቶ ቦታ የተሳሳተ መስሎት ነበር፤ መድረክ ሲወጣ ገና አንድ ኖታ ሳይመታ ቆመው ተቀበሉት፣ እሱም አለቀሰ። በ1969 የሮሊንግ ስቶንስን የአሜሪካ ጉዞ ከከፈቱት አንዱ ሆነ፤ በ1974 ኪንሻሳ ተጫወተ፤ በ1988 ከዩ ቱ ጋር አንድ ዘፈን፣ በ2000 ከክላፕተን ጋር ሙሉ አልበም አወጣ። 15 የግራሚ ሽልማት ወስዷል። ሜይ 14 ቀን 2015 ላስ ቬጋስ ውስጥ በ89 ዓመቱ አረፈ።

እነዚህ ተከታዮች ከእሱ የወሰዱት አንድ የተለየ ነገር ነው፦ በተገፋ ክር መጨረሻ ላይ የምትርገበገብ ረጅም ኖታ የዘፈኑ ዋና ቃል ልትሆን እንደምትችል። ያን የማያደርግ የሮክ ሶሎ ዛሬ ብትፈልግ ትደክማለህ። ነገር ግን ሁሉን ለእሱ መስጠት ሌሎቹን መበደል ነው። የብሉዝ ጊታሪስቶቹ አልበርት ኪንግና ፍሬዲ ኪንግ ወንድሞቹ አይደሉም፤ የቤተሰብ ስም መገጣጠም ነው፣ አልበርት በአንድ ወቅት ዝምድናውን ያወራ ነበር እንጂ። አልበርት ግራኝ ነበር፣ ጊታሩን ገልብጦ ያለ ፒክ በአውራ ጣቱ ይመታል፣ ክሩን ወደ ታች ስቦ አንዱን ኖታ እስከ ሁለት ሙሉ ድምፅ ያደርሰዋል። ያ አገፋፍ ከቢቢ አልመጣም። የቴክሳሱን ጊታሪስት ስቲቪ ሬይ ቮንን ሰምተህ «ቢቢን ይመስላል» የምትል ከሆነ፣ አብዛኛው የሰማኸው አልበርት ነው። ሁለቱን ለመለየት ካልቻልክ እጅህም ይደባልቃቸዋል።

ስለ ዕቃው እንጨርስ። አጎትህ ክር ያምጣ፦ ቀጭኑ ክር 10 (በኢንች ሺኛ) የሆነ፣ ስድስት ሰባት ሙሉ ጥቅል። ቢቢ ከላይ 10፣ ከታች 54 የሆነ ውፍረት ይጠቀም ነበር፤ አንተ ግን ይህን አትቅዳ። የፌንደር ዓይነት አንገት ላይ የክሩ ርዝመት 25 ተኩል ኢንች ሲሆን የጊብሰኑ 24 ከሦስት ሩብ ነው፤ ያው ክር በአንተ ጊታር ላይ ይበልጥ ይወጠራል፣ ለመግፋትም ይከብዳል። 10-46 ይበቃሃል፤ ጣትህ ካልጠነከረ ለሁለት ወር በ9-42 ጀምር። ክላምፕ ቱነርም ያምጣ። ቀጥሎ የጊታርህን ድልድይ እይ። ስትራት ላይ አንዱን ክር ስትገፋ ድልድዩ ወደ ፊት ያዘነብልና ሌሎቹ ክሮች ይወርዳሉ፤ የገፋኸውም ልኩ ላይ አይደርስም። ከኋላ ክዳኑን ክፈትና ሦስት ስፕሪንግ ካለ ወደ አምስት አሳድገው፣ የያዛቸውን ሁለቱን ብሎኖች ድልድዩ ሰውነቱ ላይ እስኪተኛ ድረስ አጥብቅ። ከዚያ እንደገና ቃኘው። ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ከአዲስ ጊታር ይልቅ ይጠቅምሃል።

ፒክአፕ መምረጫውን ወደ አንገቱ ወይም በአንገቱና በመሃሉ መካከል አድርግ፤ ቶኑን ከ10 ወደ 7 አውርድ። መልቲ ኢፌክቱ ላይ ኦቨርድራይቩን (ድምፅ አሻካሪውን) እና ዲሌዩን (ድምፅ ደጋጋሚውን) አጥፋ፤ ንጹህ የአምፕ ድምፅና ትንሽ ሪቨርብ (ማስተጋባት) ብቻ ይቅር። አምፑ ላይ ቤዝ 5፣ ሚድ 7፣ ትሬብል 5 አድርገህ ጀምርና ጆሮህን ተከተል። ኦቨርድራይቭ ካለ እኩል ያልሆነ ቫይብራቶም ያማረ ይመስላል፤ ራስህን ያታልልሃል።

አምፕ የግድ ካልክ፦ ከአሜሪካ የሚመጣው አምፕ ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው። በቀጥታ ከሰካኸው ዕድለኛ ከሆንክ ፊውዙ ብቻ ይቃጠላል። ጀርባው ላይ 100-240 የሚል ከሌለ ስቴፕ ዳውን ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን የፍጆታ ዋት አይተህ ቢያንስ በግማሽ የሚበልጥ አቅም ያለውን ግዛ፤ 180 ዋት ከሆነ 300 ምረጥ። ሻንጣ ውስጥ 20 ኪሎ ይዞ ከሚመጣ፣ እዚሁ በ220 የሚሠራ ጥሩ ሁለተኛ እጅ አምፕ ብትፈልግ ይሻላል። አንድ ነገር ግን አትለፈው፤ ሆቴል መድረክ ላይ ጊታሩን ይዘህ ከንፈርህ ማይኩን ሲነካ ከነዘረህ፣ የአምፑና የሳውንድ ሲስተሙ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርደው የደህንነት መስመር) የተለያየ ነው ማለት ነው። ያን ቀን አትጫወት። ኤሌክትሪሽያኑ ሁለቱንም ግራውንድ ካለው አንድ መስመር ላይ እስኪያገናኛቸው ጠብቅ፤ በዚህ ሙዚቀኛ ሞቷል።

የምመክርህ እንዲህ ነው፤ ለሦስት ወር በቀን 40 ደቂቃ፦ አሥሩን ለቫይብራቶ በሜትሮኖም፣ አሥሩን ቢውን ወደ ሲ ሻርፕና ወደ ሲ ለመግፋት በቱነር፣ ሃያውን በዚያች ጎጆ ውስጥ ራስህ በቀረጽከው 12 ባር ላይ፣ እየዘፈንክ እየመለስክ። የእጅ አንጓህ ወይም የክንድህ ውጫዊ ጎን ካመመህ ቫይብራቶውን አቁም፤ የጣት ጫፍ ሕመም ይለመዳል፣ የአንጓ ሕመም ግን ይሰነብታል። ሳይሻልህ ሁለት ሳምንት ካለፈ ሐኪም ይይህ። ከሦስት ወር በኋላ አሥረኛው ፍሬት ላይ ያለችውን ኤ ብቻ አራት ባር ሙሉ እየደጋገምክ ቅረጻትና ለዘፋኛችሁ አሰማው፤ ሳትነግረው አንገቱን ከነቀነቀ፣ ያን ጊዜ ስለ ጊብሰን መነጋገር እንችላለን።